ሲስቁ ድድ ሲታይ፦ ከቢላው በፊት ምንጩን ማወቅ

(በሮቢት ለሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር)

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ሲስቅ ድዱ ጎልቶ የሚታይ ሰው አይሞትም፣ ሥራም አይፈታም። ነገር ግን በሠርጉ ፎቶ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ የሚቆም ሙሽራ አለ። በሳቀች ቁጥር የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ የምትወስድ ልጅም አለች። ለጨዋነት አይደለም፤ ድዷ እንዳይታይባት ነው። አሁን ደግሞ ስልክ በየእጁ ስለገባ፣ «ድድዎን በቀዶ ሕክምና እናስተካክላለን» የሚለው ማስታወቂያ ሮቢት ድረስ ይደርሳል። ወጣቶች ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም የሚመልሱት ይጨንቃቸዋል። ስለዚህ በግልጽ መነጋገር ይሻላል።

የምነግራችሁን ዋና ነገር ከወዲሁ ላስቀምጠው። ሲስቁ ድድ መታየቱ በራሱ በሽታ አይደለም። የሚታይበት ምክንያት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሕክምናውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተቆረጠ ድድ ወይ ተመልሶ ያድጋል፣ ወይ ያልነበረ ጉዳት ያመጣል። ማወቅ ይቅደም፤ መቁረጥ ይከተል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ማወቁ ብቻ መቁረጡን ያስቀራል።

ድድ በእናቶቻችን ዓይን

በዚህ በራያ ቆላ፣ በወሎ፣ በትግራይና በጎንደርም ድድ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እናቶቻችንና አያቶቻችን አንገታቸውን፣ ግንባራቸውንና እጃቸውን እንደሚነቀሱት ሁሉ ድዳቸውንም ይነቀሱ ነበር። ዛሬም ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ብዙ እናቶች ሲስቁ፣ ከነጩ ጥርሳቸው በላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ድድ ይታያል። አነቃቀሱን እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከምጣድ ቂጥ ወይም ከኩራዝ የተፋቀ ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል። አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ወይም እሾሆች ጥላሸቱን እየነከሩ ድዱን ደጋግመው ይወጋሉ። ድዱ ይደማል፣ ለቀናት ያብጣል፤ እብጠቱ ሲወርድ ቀለሙ ይቀራል። የማይለቀውም ጥላሸቱ የላይኛውን ስስ ሽፋን አልፎ ከሥር ባለው ጠንካራ ሥጋ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ሽፋኑ በየጊዜው ይታደሳል፤ ከሥር ያለው ጥላሸት ግን እንደተቀመጠ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ሕመም ለምን ነበር? አንደኛው ምክንያት ውበት ነው፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ሁለተኛው መድኃኒትነት ነው፤ የሚደማ ድድ ሲነቀስ ይጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። የውበቱን ምክንያት አከብረዋለሁ። የመድኃኒትነቱ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ድድ የሚደማው በአብዛኛው በጥርስ ሥር ከተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ መርፌ ደግሞ ቆሻሻውን አያወጣውም። በአንድ መርፌ ብዙ ሴቶች ሲነቀሱ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ የተነቀሰ ድድ ያላት እናት ልታፍርበት አይገባም፤ ልጇን ግን በዚያ መርፌ አታስነቅስ።

ይህን ያነሳሁበት ምክንያት አለኝ። ድድ እንዲታይ ተብሎ በሕመም በተዋበበት አገር፣ ድድ ስለታየ ብቻ አንዲት ልጅ «መልኬ ጎደሎ ነው» ብላ ማሰብ የለባትም። በፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ፍንጭት እኛ እንደ ውበት እናየዋለን፤ በሌላ አገር ደግሞ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይዘጋዋል። የፈገግታ መለኪያ ከአገር አገር ይለያያል። በስልክ የሚመጣው መለኪያም ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

በዚሁ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ሳንነቀስም ድዳችን ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነው። ይህ የቆዳችን ቀለም ድድ ላይ መታየቱ ነው፤ ሕክምና አያስፈልገውም። በቅርብ ጊዜ ብቅ ብሎ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ካለ ግን ለሐኪም አሳዩ። ሁለተኛ፣ ድዷን የተነቀሰች ሴት የድድ ቀዶ ሕክምና ካሰበች አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ድዱ ሲቆረጥ ንቅሳቱም አብሮ ስለሚሄድ፣ ከፊሉ ጠፍቶ ከፊሉ ሲቀር ድዱ ሊዥጎረጎር ይችላል።

ስንት ቢታይ ነው በዛ የሚባለው?

ሰው ሲስቅ የላይ ከንፈሩ ወደ ጥርሶቹ አንገት ይነሳል። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ድድ ቢታይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰውም ያምርበታል። ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሲታይ ሐኪሞች «በዝቷል» ይላሉ። ይህ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል፤ በወጣትነትም ጎልቶ ይታያል። ዕድሜ ሲጨምር የላይ ከንፈር እየላላና እየወረደ ስለሚሄድ የሚታየው ድድ ይቀንሳል።

ለወላጆች አንድ ነገር ላስምርበት። አዲስ የወጣ ቋሚ ጥርስ መጀመሪያ ላይ በድድ ተሸፍኖ አጭር ይመስላል፤ ድዱ ወደ ላይ እየሸሸ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ እስኪገልጠው ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሲስቅ ድዱ ታየ ተብሎ ለቀዶ ሕክምና አይወሰድም። ተፈጥሮ ሥራዋን አልጨረሰችም።

ቤታችሁ ስትገቡ መስታወት ይዛችሁ ይህን ሞክሩ። «እማ» በሉና ከንፈራችሁን ልቀቁት። ከንፈራችሁ ሳይጨነቅ ይገጥማል? ካልገጠመስ ምን ያህል ጥርስ ይታያል? ቀጥሎ ከልባችሁ ሳቁና ድዱን ተመልከቱ። ቀለሙ ከሌላው ድድ ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይስ ቀልቶ ያብረቀርቃል? ስትፍቁት ይደማል? የፊት ጥርሶቻችሁስ ከስፋታቸው ይልቅ ረዘም ይላሉ ወይስ አራት ማዕዘን ይመስላሉ? ሐኪሙም ምርመራውን የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

አራቱ ምንጮች

እናንተ የራያ ሰዎች የጎርፍን ጠባይ ታውቃላችሁ። ማሳውን የሚመታው ውኃ የመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ የሚጠለፍበትን ቦታ ሳያውቁ ከታች እርከን ቢቆልሉ ውኃው ይደረምሰዋል። የሚታየው ድድም እንዲሁ ነው። የምናየው ከንፈር ሥር ነው፤ የመጣበት ግን ከአራት ቦታ አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱ ይደረባሉ።

አንደኛው ምንጭ በድድ የተሸፈነ ጥርስ ነው። የመካከለኛው የላይ የፊት ጥርስ ሲገለጥ ርዝመቱ ከ10 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ደግሞ የርዝመቱን ሦስት አራተኛ ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ይሆናል። በአንዳንድ ሰው ግን ድዱ ወደ ቦታው ሳይሸሽ ስለሚቀር ከጥርሱ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ይታያል። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ የተሸፈነ በመሆኑ ብቻ አጭር መስሏል።

ሁለተኛው ያበጠ ድድ ነው። ቆሻሻ፣ እርግዝና ወይም መድኃኒት ድዱን ያሳብጠዋል፤ የሚታየውም ይበዛል።

ሦስተኛው ከንፈር ነው። የላይ ከንፈር ከአፍንጫ ሥር እስከ ጠርዙ በአብዛኛው ከ20 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በሴቶች ያንሳል፣ በወንዶች ይበልጣል። አንዳንዱ ከንፈር በተፈጥሮው አጭር ነው። ሌላው ርዝመቱ ደህና ሆኖ የሚያነሳው ጡንቻ ጉልበተኛ ይሆናል። በተለመደው ፈገግታ ከንፈር ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ ጉልበተኛው ከዚያ አልፎ ይሄዳል።

አራተኛው አጥንት ነው። የላይኛው መንጋጋ ሲያድግ ወደ ታች ከረዘመ ጥርሱም ድዱም አብረውት ይወርዳሉ። የዚህ ዓይነት ሰው ፊት ከአፍንጫ በታች ረዘም ይላል፤ ዝም ሲል ከንፈሩን ለመግጠም ይቸገራል፤ ሲስቅም ከክራንቻዎቹ አልፎ እስከ ኋላ ጥርሶቹ ድረስ ድዱ ይታያል። አንዳንዴ መንጋጋው ደህና ሆኖ የፊት ጥርሶች ብቻ ከመስመራቸው ወርደው ድዱን ይዘው ይመጣሉ።

ቢላ የማይፈልገው ድድ

ከአራቱ ቀድሞ መታከም ያለበት ያበጠው ድድ ነው፤ ሕክምናውም ርካሹና ለሁሉም ቅርብ የሆነው ነው። የደነደነው ቆሻሻ በባለሙያ ይታጠባል፤ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ማለት ነው። ከዚያ በየቀኑ በቤት መጽዳት ይቀጥላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ሲወርድ አንዳንድ ሰው ሲፈራው የነበረው ድድ ከፊቱ ይጠፋል። በድድ በሽታ ላይ የሚደረግ የውበት ቀዶ ሕክምና ትርፉ ድካም ነው፤ ቁስሉ በደንብ አይሽርም፣ ድዱም ዳግመኛ ያብጣል።

ስለ መፋቂያ ትጠይቁኛላችሁ። ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠ ንጹሕ መፋቂያ በትክክል ከተያዘ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይለስልስ። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፋቅ፤ ወደ ጎን እየተገፋ ድዱን አይላጠው። የጥርሱ ውስጠኛ ገጽና የኋላ ጥርሶችም አይዘለሉ። በመፋቂያ የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እነዚህን ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች ድዳቸው በቀላሉ ይደማል፣ ያብጣልም። ያን ጊዜ ማጽዳቱን መተው ሳይሆን መጨመር ነው የሚያስፈልገው፤ ከወሊድ በኋላ አብዛኛው እብጠት ይወርዳል። መድኃኒትም ድድን ያሳድጋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በዚህ ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡት፤ የተቋረጠ የግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሕይወት ያሳጣል። ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ሊቀይረው ይችል ይሆናል።

አንድ አደገኛ ምልክት አለ። ድድ በድንገት አብጦ ያለ ምክንያት እየደማ፣ ሰውየው ትኩሳትና ድካም ከያዘው፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ቆዳው ላይ የበለዘ ነገር ከታየ፣ የደም በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ።

ምንጩን ሳያውቁ ድድ መቁረጥ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተፈልቅቆ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ የሚወጣበት ልማድ አለ። ድዱ ያበጠው ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው፤ ተቅማጡ የመጣው ከሌላ ነው። ድዱ ሲቆረጥ ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል፤ ተቅማጡ ግን እንዳለ ነው። ልጁን የሚያድነው ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው። ከልባቸው ልጁን ለማዳን የተነሱ ሰዎች ምክንያቱን ስላላወቁ ይጎዱታል።

ድዱን ማሳጠር

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው እንግባ። ምንጩ የተሸፈነ ጥርስ ከሆነ ድዱ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመለሳል። ከአራቱ ውስጥ ቢላ በትንሽ ሥራ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

ምርመራው ራሱ መታየት ያለበት ነው። ሐኪሙ ሚሊ ሜትር የተቀረጸበት ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባል። የመለኪያው ጫፍ በጥርሱ ለስላሳ ልባስ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ቀጭን ድንበር ይነካል። ልባሱ አልቆ የጥርሱ ሥር የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህ ድንበር ከድዱ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ከተገኘ ጥርሱ ተሸፍኗል ማለት ነው። ቀጥሎ በማደንዘዣ መለኪያው አጥንት እስኪነካ ይገፋል፤ ራጅም ይነሳል። የአጥንቱን ቦታ ያላወቀ ሐኪም ድዱን ምን ያህል እንደሚቆርጥ ሊያውቅ አይችልም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ጋርጁሎ፣ ዌንትዝና ኦርባን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ድድ ከጥርስ ጋር የሚጣበቅበትን ስፋት ለኩ፤ በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ አገኙት። ሰውነት ከአጥንቱ በላይ ይህን ያህል ቦታ ለድዱ ይፈልጋል። አጥንቱ ከልባሱ ድንበር በበቂ ርቀት ላይ ካለ ትርፉን ድድ ብቻ በቢላ ወይም በሌዘር ማንሳት ይበቃል፤ ቁስሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። አጥንቱ ወደ ድንበሩ ተጠግቶ ከሆነ ግን ድዱ ብቻ ቢቆረጥ ሰውነት ያንን 2 ሚሊ ሜትር ለማግኘት መልሶ ያሳድገዋል። «ተቆርጦ በወሩ ተመለሰብኝ» የሚለው ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ድዱ ተገልጦ የአጥንቱ ጠርዝ በጥንቃቄ ይቀነሳል፤ ከዚያ ድዱ በአዲሱ መስመር ይሰፋል።

ይህ የሚሠራው ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ስፌቱ በ7 ወይም በ10 ቀን ይወጣል። የድዱ መስመር ጸንቶ የሚቀመጠው ግን ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የጥርስ ሽፋን የሚያሠራ ሰው እስከዚያ ይታገሥ። መቁረጡም ልክ አለው። ጠንካራው ድድ ሁሉ ተቆርጦ አይጣልም፤ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት። ከልክ በላይ ከተነሳ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያንዘረዝረዋል፣ በጥርሶቹ መካከልም ጥቁር ክፍተት ይቀራል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም፤ መጀመሪያ ያንን ማስተካከል አለበት።

ከንፈሩን መያዝ

ምንጩ ከንፈር ከሆነ ድዱን መቁረጥ ጥርሱን ያለ ልክ ያስረዝማል እንጂ ፈገግታውን አያስተካክልም። ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል ዝቅ አድርጎ መስፋት ነው። ሩቢንስታይንና ኮስቲያኖቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች በ1973 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ከላይ ከንፈር ውስጠኛው ገጽና ከድዱ መገናኛ ላይ ቀጭን የሽፋን ቁራጭ ይነሳና ሁለቱ ጠርዞች ይሰፋሉ። በከንፈሩና በድዱ መካከል ያለው ጎድጎድ ስለሚያጥር ጡንቻው ከንፈሩን እንደ ቀድሞው ወደ ላይ መሳብ ያቅተዋል። ስፌቱ አፍ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ጠባሳ አይታይም። ለጥቂት ቀናት ከንፈሩ ያብጣል፤ ሲያወሩና ሲስቁ መወጠር ይሰማል። ነገር ግን በወራት ወይም በዓመት ውስጥ ውጤቱ በከፊል ሊመለስ ይችላል፤ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል። ጠንካራ ድዱ ጠባብ ለሆነ ሰውና መንጋጋው ለረዘመ ሰው አይመከርም።

ሁለተኛው ቦቶክስ የሚባል መድኃኒት ነው። ቢላ የለውም፤ በትንሽ መርፌ መድኃኒቱ ከንፈሩን የሚያነሱ ጡንቻዎች ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻው ለጊዜው ይላላል። የሚቆየው ለ3 ወይም ለ4 ወር፣ ቢበዛ ለ6 ወር ያህል ነው፤ ከዚያ እንደገና መወጋት ነው። በትክክለኛው ቦታና መጠን ካልተሰጠ ፈገግታው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሰጥም። ሥልጠና በሌለው እጅ፣ በፀጉር ቤትና በመኖሪያ ቤት የሚሰጥ መርፌ ፈጽሞ አትቀበሉ።

አጥንቱን ማንሳት

የመጨረሻውና ትልቁ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ነው። መነሻው እንዲህ ነው። ሬኔ ለ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. የራስ ቅል በአደጋ ሲመታ የፊት አጥንት በየት በየት እንደሚሰበር በአስከሬን ላይ አጥንቶ ሦስት መስመሮችን ለየ። ዝቅተኛው መስመር ከላይ ጥርሶች ሥር በላይ ያልፋል። በኋላ የመጡ ሐኪሞች ያንኑ መስመር በመሣሪያ እየቆረጡ የላይኛውን መንጋጋ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። የተቆረጠው አጥንት ደም አጥቶ ይሞታል የሚል ሥጋት ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ቤል በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ለስላሳው ሥጋ ካልተላቀቀ አጥንቱ ደም እንደሚያገኝና እንደሚገጥም አሳየ። ቀዶ ሕክምናው በዓለም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕክምናው በሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል። ሐኪሙ አፍ ውስጥ ገብቶ ከጥርሶቹ ሥር በላይ አጥንቱን ይቆርጣል፤ ትርፍ ሆኖ የተለካውን ያህል አጥንት ያነሳና መንጋጋውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ በቲታኒየም ሳህንና ብሎን ያስረዋል። የታችኛው መንጋጋም አብሮ ስለሚነሳ የፊት ርዝመት ይስተካከላል፣ ከንፈርም ሳይጨነቅ ይገጥማል። ከዚያ በፊትና በኋላ በአብዛኛው የጥርስ ሽቦ ይታሰራል፤ ሙሉ ሕክምናው ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ጥቂት ቀናት ይታደራል። ስድስት ሳምንት ያህል ምግቡ አጥሚት፣ ሾርባና የቀጠነ ሽሮ ነው፤ ቆሎውና የተጠበሰው የማሽላ እሸት ይቆያሉ። የላይ ከንፈርና ጉንጭ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። መድማት፣ መመረዝና የጥርስ አገጣጠም መዛባትም ሊያጋጥሙ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው። ዕድገት ሳያልቅ አይሠራም፤ ለሴት ልጅ ቢያንስ 16 ወይም 17 ዓመት፣ ለወንድ 18 ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል።

ይህን ያህል መከራ ለማን ይገባል? መንጋጋው ብዙ ለረዘመ፣ ሲስቅ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ድድ ለሚታይበት፣ ከንፈሩ አልገጥም ብሎ አፉ ለሚደርቅ፣ ጥርሱ በትክክል ለማይገጣጠም ሰው ነው። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ለሚታይበት ሰው አጥንት መቁረጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። የፊት ጥርሶቹ ብቻ ለወረዱ ሰው ደግሞ የጥርስ ሽቦ፣ አጥንት ላይ ከሚታሰሩ ትናንሽ ብሎኖች ጋር ሆኖ፣ ጥርሶቹን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሊመልሳቸው ይችላል፤ ቢላ ላያስፈልግ ይችላል።

ከሮቢት ተነስቶ ወዴት?

መንገዱ ከቅርብ ይጀምራል። ድድ መመርመር፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን መለካት፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ማየት በአቅራቢያችሁ ጤና ተቋም ይጀመራል፤ ከዚያ ቆቦ፣ ወልድያና ደሴ ወዳሉት ሆስፒታሎች በሪፈር ይኬዳል። የጥርስ ሐኪሞች በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሠለጥናሉ። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና በአዲስ አበባ በየካቲት 12 እና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይሰጣል። በመንግሥት ሆስፒታል በመኪና አደጋ መንጋጋው ለተሰበረ፣ በእጢ ለተጠቃና ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። የውበት ጉዳይ ወረፋ ይጠብቃል።

ከመስማማታችሁ በፊት ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፤ መልሱን ሳታገኙ አትፈርሙ። የእኔ ድድ የሚታየው ከአራቱ በየትኛው ምክንያት ነው? ለክታችሁ ስንት ሚሊ ሜትር አገኛችሁ? ከዚህ የቀለለ ሕክምና የለም? ውጤቱ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ቢመለስስ ምን ይደረጋል? ስፌት ለማስወጣትና ለክትትል ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? ከዚህ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለስ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አይርሳ፤ ስፌቱ ካልታየ ጥሩው ሥራ ይበላሻል። እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የማይመልስ ሰው ድዳችሁን እንዲነካ አትፍቀዱለት።

ወላጆችንም አደራ እላለሁ። ልጃችሁን በድዷ አትቀልዱባት፤ ሌላውም እንዳይቀልድባት አድርጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የሚያስጨንቃት ነገር ካለ ትንገራችሁ፤ ወደ ባለሙያም ውሰዷት። ግን ውሳኔው የራሷ ይሁን፤ ዕድሜዋም ይድረስ። ድዷ ጤናማ ሆኖ፣ ምክንያቱን አውቃ፣ «እንዲህ ሆኜ እኖራለሁ» ብትል ትክክል ናት። ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝና «ይስተካከልልኝ» ብትልም ትክክል ናት። እኛ የሕክምና ባለሙያዎች ያለብን ዕዳ እውነቱን ሳንሸፍን መንገርና የማያስፈልገውን አለመቁረጥ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አንድ ሥራ ውሰዱ። በዚህ ሳምንት የቤተሰባችሁን ድድ ተራ በተራ ተመልከቱ፤ የሚደማና ያበጠ ካለ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይዛችሁ ሂዱ።  አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።